«ታዘዘ» ወይስ «ተጠቆመ»?

የሱሉልታ ሜዳ መረሬ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል። በላዩ ያረፈ መሠረት አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ግድግዳም ይተረተራል። ከሰበታ ወደ በቾ የሚወስደው ሜዳም ያው ነው። በዚህ አካባቢ ባለሙያዎቹ «ሳይት ሚቲንግ» የሚሉትን ስብሰባ ከሚያሟሙቁት ነገሮች አንዱ ይኸው አፈር ነው።

ተሰብሳቢው ሦስት ወገን ነው፦ ባለቤቱ፣ ተቋራጩና አማካሪው። ጠረጴዛው አንዳንዴ በበርሜል ላይ የተጋደመ ፕላይውድ ነው። ሁሉም ነገር ለድርድር አይቀርብም። ከሰበታ የሚነሣው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር እንዲሆን (የቀድሞው 1000 ነበር) የተቆረጠው ቁፋሮ ሳይጀመር ነው። ለሳይት የሚተርፈው ጉድጓዱ ነው።

ንድፉ 2 ሜትር ይላል እንበል። 2 ሜትር ተቆፍሮ መረሬው አላለቀም። ተቋራጩ «እንጨምርና በሰሌክት ማቴሪያል እንሙላው» ይላል፤ ባለቤቱ «ስንት ሊመጣ ነው?» ይላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ነገሩ ጠዋት ጉድጓዱ አፍ ላይ አልቋል፦ ፎርማኑ ዲጂኖውን ሰክቶ ነቀለ፣ ጫፉ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ጭቃ ለአማካሪው መሐንዲስ አሳየ። አንድም ቃል አልተነገረም።

ስብሰባው የሚከራከረው በግስ ነው። ቃለ ጉባኤው «ተጠቆመ» ካለ ተቋራጩ በራሱ ወጪ እንደቆፈረ ሊቆጠርበት ይችላል። «ታዘዘ» ካለ ተጨማሪ ክፍያና ቀን ለመጠየቅ መነሻ ያገኛል። በትልልቅ ሥራዎች የሚሠራበት የ1999ኙ የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ የተባለው መደበኛ የግንባታ ውል (ዓመቱ በፈረንጅ ነው) ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፦ መሐንዲሱ በቃል ቢያዝ ተቋራጩ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ትእዛዙን ጽፎ ያረጋግጣል፤ መሐንዲሱም ደርሶት በ2 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ እንደ ጽሑፍ ትእዛዝ ይጸናል።

የእኛ ችግር ውሉ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። የተቋራጩ ወጣት የሳይት መሐንዲስ በዕድሜ አባቱ ከሚሆን አማካሪ ፊት «ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም» ለማለት አፉ ይያዛል። ዝም ይላል። ዝምታው «በስምምነት ተወስኗል» ተብሎ ይጻፋል።

በሳምንቱ ስብሰባው ሲከፈት ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል። ልጁ ሲያብሰለስል ሰንብቷልና ለመፈረም የተዘረጋለትን እስክሪብቶ ሳይቀበል እጁን ያወጣል፦ «ተራ ቁጥር 4 ላይ “ተጠቆመ” የሚለው “ታዘዘ” ተብሎ ይስተካከልልኝ።» ባለቤቱ ወደ አማካሪው ዞር ይላል።