የከፍታው ማቅለሽለሽና የአምባራስ ሰዎች

ጧት ከጎንደር በመኪና የተነሳ ሰው ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ ወደ 2,850 ሜትር ግድም ወጥቷል። የስሜን ተራሮች ፓርክን ክፍያ ፈጽሞ፣ ታጣቂ አጃቢውን ስካውት አሳፍሮ፣ በሳንቃበር በኩል ጨነቅ ከተባለው ማደሪያ ሲገባ ገና ቀን ነው፤ ከፍታው ግን 3,600 ሜትር አልፏል። ሲመሽ ራሱን ሊወቅረው ይጀምራል። የወጡ ሽታ ያስጠላዋል፣ አፉ ምራቅ ይሞላል፣ ሌሊት ከድንኳኑ ወጥቶ ያስመልሳል። ሲነጋ “ምሳው ነው ያልተስማማኝ” ይላል፤ “ብርድ መታኝ” የሚልም አለ። ስካውቱ ግን ያንኑ አየር ሲተነፍስ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጠመንጃውን አቅፎ ደህና አድሯል። በቅሎ ነጂውም ቁርሱን እየበላ ነው።

ጥፋቱ የምሳው ሳይሆን የአየሩ ሊሆን እንደሚችል ቀድመው ከጻፉት ሰዎች አንዱ ስፔናዊው ካህን ሆሴ ዴ አኮስታ ነው። ፔሩ ውስጥ የፓሪያካካን ተራራ ሲሻገር አንጀቱ እስኪገለበጥ አስመለሰው፤ ምግቡ ሲያልቅ ሐሞት፣ ቀጥሎም ደም ወጣው። በ1590 ባሳተመው መጽሐፉ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የዚያ ቦታ አየር እጅግ ስስ ስለሆነ ለሰው ትንፋሽ አይመችም ሲል ደመደመ። ኦክስጅን የሚባል ነገር ከመታወቁ 180 ዓመት ገደማ አስቀድሞ መሆኑን ሳስብ አድናቆቴ ይጨምራል።

ማስረጃው የመጣው ከፈረንሳይ ነው። ተመራማሪው ፖል ቤር አየሩ እየተቀነሰ በሚሄድበት ዝግ ክፍል ውስጥ ራሱ ገብቶ ተቀመጠ። አየሩ ሲሳሳ ማቅለሽለሹና መፍዘዙ መጣበት፤ ከከረጢት ኦክስጅን ሲስብ ለቀቀው። በ1878 በታተመው ሥራው የተራራ ሕመም ምንጩ የኦክስጅን ግፊት ማነስ መሆኑን አሳየ። ጨነቅ ላይ ያለው ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው።

ታዲያ የትንፋሽ ጉዳይ ሆድን ለምን ይገለብጣል? ማስመለስን የሚያዘው አንጎል ነው፤ ሆድ ትእዛዝ ፈጻሚ ነው። ከአንጎል ሥር ያለው ማዘዣ ከብዙ አቅጣጫ መልእክት ይቀበላል፦ ከጨጓራና አንጀት፣ በደም ከሚመጣ መርዝና መድኃኒት፣ ከውስጥ ጆሮ፣ ከፍርሃትና ከሽታም ጭምር። በሊማሊሞ ጥምዝምዝ ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ መኪና ውስጥ የሚያስመልሰውን ሰው ከፍታ አልጎዳውም፤ እንዲያውም እየወረደ ነው። ጆሮው ዞርን ሲል፣ ፊት ለፊት ወንበር ላይ የተተከለው ዓይኑ አልተነቃነቅንም ይላል። ይህ ሰው ከፊት ተቀምጦ ርቆ የሚታየውን መንገድ ቢመለከት ይቀለዋል። ጨነቅ ላይ ያደረውን ግን ይህ አይጠቅመውም።

ስካውቱ ለምን እንዳልታመመ የሚለው ምስጢር ግን ከፖል ቤር በኋላም ብዙ ቆየ። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች የኦክስጅንን ማነስ የሚቋቋሙት በደማቸው ውስጥ ሔሞግሎቢን በማብዛት እንደሆነ ታውቆ ነበር፤ ይህ ከልክ አልፎ የሚያሳምማቸው ሰዎች እንዳሉ ፔሩዊው ሐኪም ካርሎስ ሞንሄ በ1920ዎቹ ጽፏል። የቲቤት ሰዎች በአንጻሩ ደማቸው እምብዛም አይወፍርም፤ የሚሸከመው ኦክስጅን ግን ዝቅተኛ ነው። ሦስተኛው የከፍታ ሕዝብ፣ የኢትዮጵያ ደገኛ፣ በዚህ ዓይን ገና በደንብ አልተመረመረም ነበር።

አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል፣ ኢትዮጵያዊው ሐኪም አምሃ ገብረመድህንና ባልደረቦቻቸው ስሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ ወደምትገኘው አምባራስ የሄዱት ለዚህ ነው። ደም ቀዱ፣ በጣት ላይ በሚሰካው መለኪያ ኦክስጅን ለኩ። በ2002 የወጣው ውጤት ከሁለቱም የተለየ ነበር። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 86 የሆነ 236 ጤናማ ነዋሪዎች አማካይ ሔሞግሎቢናቸው በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው ጋር የሚመሳሰል ቁጥር ነው። ደማቸው አልወፈረም፣ ኦክስጅንም አልጎደለውም።

እንቆቅልሹ ጠለቀ እንጂ አልተፈታም። በ2012 በታተመ ሌላ ጥናት የስሜን ሰዎች ቆላ ዛሪማ ከሚኖሩ አማሮች፣ እንዲሁም ባሌ ላይ 4,000 ሜትር ከሚኖሩ ኦሮሞዎች ጋር ተነጻጸሩ። የባሌዎቹ ሔሞግሎቢን ከፍ፣ ኦክስጅናቸው ዝቅ ያለ ነበር። አጥኚዎቹ ስሜን ላይ ሰው ቢያንስ ለ5,000 ዓመት ሲኖር፣ ኦሮሞዎች ባሌን ከወጡ 500 ዓመት ገደማ መሆኑን አስታውሰዋል። የቲቤትን ሰዎች ደም የሚያብራራው የዘር ቅንጣት ደግሞ የኢትዮጵያውያኑን አላብራራም።

ለእኔ የዚህ ሁሉ ጥቅም አንዲት ጥያቄ ውስጥ አለ፦ የሚያስመልሰው ሰው ትናንትና ከትናንት ወዲያ የት ነው ያደረው? ከጎንደር ወይም ከቆላ ወጥቶ ራሱን እያመመው የሚያቅለሸልሸው ከሆነ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብሎ መያዝ ይሻላል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታን በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የታወቀ ደንብ ነው። ከደባርቅ በእግርና በበቅሎ ሳንቃበር፣ ከዚያ ግጭ፣ ከዚያ ጨነቅ እያደሩ የሚሄዱበት መንገድ ከዚህ ደንብ ጋር ይስማማል፤ ደንቡን የሚያፈርሰው መኪናው ነው። ሐኪም የሚያዘው አሴታዞላማይድ ትንፋሽን ስለሚያበረታ ሕመሙን ይከላከላል። የማስመለሻ ማስታገሻ ግን ሆዱን ቢያረጋጋም በሽታውን አያድነውም፤ ስለዚህ የታመመው ሰው እዚያው ይረፍ፣ የቧሂትን ተራራ ለመውጣት አይሞክር። ካልተሻለው ይውረድ። ቀጥ ባለ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ መራመድ ካቃተው፣ ከተወላገደ ወይም ነገር ካምታታ አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን አጅቦ ወደ ሳንቃበር፣ ቢቻል እስከ ደባርቅ ማውረድ ግድ ነው።

ጥያቄው በነዋሪው ላይ ተቃራኒውን ያሳያል። አምባራስ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሲያስመልሰው በከፍታው አይሳበብ፤ ውሃው፣ ምግቡ፣ ትኩሳቱ ይጠየቅ። ባስመለሰ ቁጥር አሥር ደቂቃ ያህል ታግሶ ኦ አር ኤስ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት መስጠት በአንድ ጊዜ ከማጠጣት ይሻላል፤ ጡት የሚጠባ ከሆነም ጡቱ አይቋረጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንት ካቆመ ወይም ከፈዘዘ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ነፍሰ ጡርም ውሃ እንኳ አልረጋ ብሏት ከዋለች “የእርግዝና ነው፣ ያልፋል” ተብላ ቤት አትቀመጥ፤ በቅሎ ተጭኖ፣ መኪና ተፈልጎ፣ ደባርቅ ሆስፒታል ትድረስ።