የኢትዮጵያን ደን መቁጠር፦ ሳተላይት ምን ያያል? ምንስ ያመልጠዋል?

አንድም ዛፍ ሳይተከል የአንድ አገር የደን ሽፋን በወረቀት ላይ ሊጨምር ይችላል።

በአውሮፓውያኑ 2010 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ባወጣው ዓለም አቀፍ ግምገማ፣ ደን ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት 11 በመቶ ገደማውን ይሸፍን ነበር። አገሪቱ በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ስምምነት ባቀረበችው ሰነድ ግን አሃዙ 15.5 በመቶ ሆኗል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት "ደን" የሚለው ቃል ትርጉም በ2015 መለወጡ ነው። ቀድሞ ደን ለመባል ዛፎቹ አምስት ሜትር መድረስ ነበረባቸው፤ በአዲሱ ትርጉም ሁለት ሜትር ይበቃል። በዚህም ቀድሞ ከቆጠራው ውጭ የነበሩ ጥቅጥቅ ያሉ የቆላ ዛፎች ደን ተባሉ። ያው ሰነድ ግን ከ2000 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት በየዓመቱ በአማካይ 92 ሺህ ሄክታር ገደማ ደን መጥፋቱን ይገልጻል።

ታዲያ እውነተኛው መጠን እንዴት ይታወቃል?

የምድሩ ሥራ

ኢትዮጵያ ከ2014 እስከ 2016 በፋኦ ድጋፍ ብሔራዊ የደን ቆጠራ አካሂዳለች። በእንዲህ ያለው ቆጠራ ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ ወደተመረጡ የናሙና ቦታዎች ይጓዛሉ። የዛፉን ዓይነት ይለያሉ፤ ቁመቱን ይለካሉ፤ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይም የግንዱን ውፍረት ይመዘግባሉ። ከዚህ በመነሳት የእንጨቱ መጠንና በውስጡ የታመቀው ካርቦን ይሰላል።

ወጥ የምትሠራ ሴት ጨው ለመቅመስ ድስቱን ሁሉ አትጨርስም፤ አንድ ጭልፋ ይበቃታል። ይህ የሚሆነው ግን ወጡ በደንብ ከተማሰለ ነው። ደን ደግሞ የተማሰለ ወጥ አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ ከተረፈው አገር በቀል ደን ብዙው የሚገኘው በእርሻ መሬት መሐል እንደ ደሴት በቆሙ የቤተ ክርስቲያን አጸዶች ነው። በብዙ ኪሎ ሜትር የተራራቁ የናሙና ቦታዎች እነዚህን ጨርሶ ሊስቷቸው ይችላሉ።

የናሙና ቦታዎችን ማብዛት ወጪ ይጠይቃል። የጸጥታ ችግር ባለበት አካባቢ ደግሞ መድረስም ያዳግታል።

ከሰማይ የሚመጣው እገዛ

የርቀት ቅኝት የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። የላንድሳት ሳተላይቶች ምስል ከ2008 ጀምሮ ለማንም በነጻ ክፍት ነው። በ2014 የመጠቀው የአውሮፓው ሴንቲነል-1 በራዳር ስለሚሠራ፣ እንደ ከፋና ሸካ ባሉ ደመና በሚበዛባቸው አካባቢዎችም ደመናውን ሰንጥቆ ያያል። በ2018 መጨረሻ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተላከው ጌዲ የተሰኘ የናሳ መሣሪያ የዛፎችን ቁመት በሌዘር ይለካል። በሚያዝያ 2025 የመጠቀው የአውሮፓው ባዮማስ ሳተላይት ደግሞ ቅጠሉን አልፎ ግንድና ቅርንጫፍ ጋር በሚደርስ የራዳር ሞገድ ይጠቀማል።

መረጃዎቹ የመስክ ልኬትን አይተኩም፤ ያጠሩታል። በምስሉ አማካኝነት አገሪቱ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ሳሳ ያለ ደንና ደን አልባ መሬት ተብላ ትከፈላለች። የናሙናዎቹ ውጤት በየክፍሉ ተሰልቶ እንደየክፍሉ ስፋት ይደመራል። በአንድ ክፍል ያሉ ቦታዎች ስለሚመሳሰሉ፣ የናሙናው ቁጥር ሳይጨምር የስህተቱ መጠን ይጠብባል። ፊንላንድ ከ1990 ጀምሮ የመስክ ልኬትንና የሳተላይት ምስልን በማጣመር ለትንንሽ አስተዳደራዊ አካባቢዎች ጭምር ግምት ታወጣለች።

ከላይ የማይታየው

ሳተላይትም ይሳሳታል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከላይ ሲታይ ያልተነካ ደን ይመስላል። ከሥር ግን ለቡናው ሲባል ታዳጊ ዛፎች ተመንጥረው ሊሆን ይችላል፤ ትልልቆቹ ሲያረጁ የሚተካቸው አይኖርም። ይህን የሚያውቀው በእግሩ የሄደ ሰው ነው።

በምስሉ ላይ "ደን" የተባለውን ስፋት እንዲሁ መደመርም አያስተማምንም። የባሕር ዛፍ ተክል አገር በቀል ደን ተብሎ፣ የሳሳ ደን ደግሞ እርሻ ተብሎ ሊመደብ ይችላል። ስለዚህ የካርታው ስህተት ራሱ በናሙና ተለክቶ መታረም አለበት።

ጉዳዩ ገንዘብም አለበት። ሬድ ፕላስ በተሰኘው ዓለም አቀፍ አሠራር፣ ደናቸውን በመጠበቅ የካርቦን ልቀት የቀነሱ አገሮች ክፍያ ያገኛሉ። ከዚህ ክፍያ ደኑን የሚጠብቁ ማኅበረሰቦችም ድርሻ አላቸው። የስህተቱ መጠን ሲሰፋ ግን፣ በአንዳንድ የክፍያ ሥርዓቶች ከተመዘገበው ቅነሳ በመጠባበቂያነት የሚያዘው ይበዛል። ገበሬው ደኑን ጠብቆም፣ ልኬቱ ደካማ ከሆነ የልፋቱ ዋጋ ሊያንስ ይችላል።

ስለዚህ ስለ ደን ሽፋን አዲስ አሃዝ ሲነገር ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይበጃል፦ በየትኛው ትርጉም ተቆጠረ? የስህተቱ መጠን ስንት ነው? ከሳተላይቱ ሌላ መሬት ላይ ሄዶ ያረጋገጠ አለ ወይ?