ማታ እግርሽን ከፍ አድርጊ
ቡሹሎ ሆነሽ ልጅሽን ብቻሽን ለምታሳድጊው እህቴ፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቆመሽ ስትሰሪ ወይም ጉሊት ተቀምጠሽ ስትውዪ እግርሽ የሚያብጠው ደምና ፈሳሽ ወደ ታች ስለሚጠራቀም ነው። ደሙን ወደ ልብ ገፍቶ የሚመልሰው የባትሽ ጡንቻ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ አይገፋም። ስለዚህ ማታ በጀርባሽ ተጋደሚ፣ እግርሽን ግድግዳ ላይ ደግፈሽ 15 ደቂቃ ያህል ቆዪ፤ ቁርጭምጭሚትሽን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሺ። (ልጁ አጠገብሽ ቢንጫጫም ይሠራል!) ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን በጎንሽ ተኚ።

አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ከእግርሽ ሌላ ስለ ቡናም ልንገርሽ፦ አልከለክልሽም፤ ግን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል አርቂው፣ አለዚያ በምግቡ ያለው የብረት ማዕድን በደንብ ወደ ሰውነትሽ አይገባም።