መቁጠርና ብዛትን ማወቅ፦ ልጆች ቁጥር የሚገባቸው መቼ ነው?

የሦስት ዓመት ልጅ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ አሥር ሲደርስ ቤተሰቡ ያጨበጭብለታል። ባቄላ ፊቱ አድርገን «አራት ፍሬ ስጠኝ» ብንለው ግን ብዙ ጊዜ እፍኙን ሞልቶ ይዘረጋልናል። «አራት» ማለትን ያውቃል፤ አራት ስንት እንደሆነ ገና አልገባውም። ይህ ልጅ ቁጥር ያውቃል ወይስ አያውቅም? ተመራማሪዎች ከ80 ዓመት በላይ የተከራከሩበት ጥያቄ ነው።

ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ በ1941 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መልሱ «አያውቅም» ነው ብሎ ነበር። እኩል ዕቃ የያዙ ሁለት ረድፎች ደርድሮ አንዱን ሲያራርቀው፣ ትንንሾቹ ልጆች «የረዘመው ይበልጣል» አሉት። ስለዚህ ከስድስትና ሰባት ዓመት በፊት ያለው ቆጠራ በአመዛኙ የቃል ሽምደዳ እንደሆነ ደመደመ።

በ1967 ዣክ ሜለርና ቶማስ ቤቨር ፈተናውን በከረሜላ ደገሙት። ልጆቹ የመረጡትን ረድፍ እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው፣ የሁለት ዓመት ሕፃናት ሳይቀሩ በአብዛኛው ያነሱት አጠር ያለውን፣ ከረሜላው ግን የሚበዛውን ረድፍ ነው። በ1978 ደግሞ ሮቼል ጌልማንና ቻርልስ ጋሊስቴል የትክክለኛ ቆጠራን ሕጎች ዘረዘሩ። ዋነኞቹ ሦስት ናቸው፦ ለአንድ ዕቃ አንድ ቃል ብቻ መስጠት፣ የቃላቱን ቅደም ተከተል አለማዛባትና የመጨረሻው ቃል የጠቅላላውን ብዛት እንደሚናገር መረዳት።

ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ነው። «ይህን ያህል ስጠኝ» በሚለው ፈተና እንደታየው፣ ብዙ ልጆች በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ «አንድ»ን ብቻ ለይተው ይሰጣሉ። «ሁለት» ወራት ቆይቶ ይመጣል፤ «ሦስት»ም እንዲሁ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ወይም አራት ዓመት ላይ ሲደርሱ ግን ሚስጥሩ ይገለጥላቸዋል፦ አምስትም ሆነ ስምንት ሲጠየቁ ቆጥረው ያቀርባሉ። አንዱ ልጅ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ይደርሳል።

ልዩነቱን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ የቤት ውስጥ ንግግር ነው። በቺካጎ የተካሄደና በ2010 የወጣ ጥናት፣ ወላጆቻቸው ከ14 እስከ 30 ወር ባለው ዕድሜ ስለ ቁጥር በብዛት ያነጋገሯቸው ልጆች አራት ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ የቁጥርን ትርጉም በተሻለ እንደሚረዱ አሳይቷል። በይበልጥ የሚጠቅመውም ዓይን የሚያየውን፣ እጅ የሚነካውን ነገር መቁጠር ነው። በ2007 የታተመ ሌላ ትንተና ደግሞ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ያለው የሒሳብ ችሎታ የኋላ ውጤቱን በጉልህ እንደሚያመለክት አረጋግጧል።

እኛ ዘንድ በኦ ክፍልም ሆነ በመዋዕለ ሕፃናት ተማሪዎች በአንድ ድምፅ እስከ መቶ ሲቆጥሩ መስማት የተለመደ ነው። ቅደም ተከተሉን ለመያዝ ይረዳል፤ ብዛትን ግን ብቻውን አያስተምርም። ብዛትን ለማስተማር የሚረዱት ጠጠር፣ ቆርኪና ባቄላ ዋጋቸው ኢምንት ነው፤ ገበጣም ጠጠሩን በየጉድጓዱ አንድ በአንድ ስለሚያስጥል አንዱን ከአንዱ ማዛመድን ያለማምዳል።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ «እስቲ ቁጠር» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ቡና ሲቀርብ ልጃችሁን «እንግዶቹ አራት ናቸው፤ አራት ሲኒ አምጪ» በሏት። ከተሳሳተች አትቆጧት፤ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ እየነካችሁ አብራችኋት ቁጠሩና «አራት ሲኒ» ብላችሁ ጨርሱ።