ነፋስም ይደክማልን?

በሄርማታ ገበያ ቡና ሲበጠር ገለባውን የሚወስደው ነፋስ ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ነው። ይሁን እንጂ ሊቃውንት መዝገባቸውን ሲያስተያዩ፣ የየብስ ነፋስ እ.ኤ.አ. ከ1980 ገደማ እስከ 2010 በብዙ አገር እየደከመ መምጣቱን፣ ከዚያ ወዲህ ግን እንደገና መበርታቱን ተረድተዋል። አንዳንዶቹ የዛፍና የሕንፃ መብዛት ገታው ሲሉ፣ ሌሎች የውቅያኖስ ሙቀት መለዋወጥ ነው ይላሉ፤ ለእኛ ሚዛን የሚደፋልን የኋለኛው ነው፤ ነፋሱ ሲበረታ ሕንፃው አልፈረሰምና።

ይህ ለጅማ ሰው ምኑ ነው ቢሉ፣ መብራቱ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአንድ መስመር የተያያዘ ስለሆነ፣ በጅማ አቅራቢያ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት ችሎታ ያለው የግልገል ጊቤ ውሃ በበጋ ሲጎድል የአዳማና የአሸጎዳ ነፋስ ያግዘዋል። የነፋስ ፍጥነት ከመቶ 10 ቢቀንስ ታዲያ፣ በውስጡ ያለው ኃይል ከመቶ 27 ይጎድላል።