ላቲንን በግል ማጥናት፦ ከሰዋስው ወደ ንባብ

አንባቢ ሆይ፣ የላቲንን መሠረታዊ ሰዋስው ጨርሰው ያለ መምህር ከቀሩ፣ ቀጣዩ እርምጃ ሌላ የሰዋስው መጽሐፍ ሳይሆን ንባብ ነው። ይዘቱን አስቀድመው በሚያውቁት፣ ማለትም በቩልጋታው የዮሐንስ ወንጌል ይጀምሩ። በቀን አምስት ቁጥር ይበቃል። ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ፤ ማሰሪያ አንቀጹን ያግኙ፤ ከዚያም ባለቤቱንና ተሳቢውን ይለዩ። በመጨረሻ ከአማርኛው ወደ ላቲን መልሰው ይጻፉና ከዋናው ጋር ያስተያዩ። ያልገባዎት ነገር የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ወደ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» ሲሻገሩ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ ግሱም ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ማሰሪያውን መጠበቅ ከልጅነቱ ለምዶታል።

ይህ ድካም ለምን ያስፈልጋል? ሮሜ 5፥12ን ይመልከቱ። የግሪኩን «ኤፍ ሆ» ብዙ የዘመናችን ተርጓሚዎች ምክንያትን እንደሚያመለክት አድርገው ይረዱታል። ላቲኑ «ኢን ኩዎ» ይላል፤ «ኩዎ» በቅርጹ ተባዕታይ ጾታም ግዑዝ ጾታም ሊሆን ይችላል። አውግስጢኖስ በተባዕታይ ወስዶ «በእርሱ»፣ ማለትም ሁሉ በአዳም ኃጢአትን ሠሩ ብሎ አነበበው። ስለ ውርስ ኃጢአት ያስተማረው ትምህርት በዚህ ቁጥር ላይ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ስለዚህ ንባቡ ቢስተካከል ትምህርቱ ወዲያው ይፈርሳል ማለት አንችልም። ሰዋስውን ያወቀ አንባቢ ግን ክርክሩ የቱ ጋ በቃሉ ላይ፣ የቱ ጋ በሌሎች ክፍሎች ላይ እንደተመሠረተ ራሱ ይለያል። አስተማሪም ሰባኪም ይህን መለየት ይገባዋል።