የሕግ ዋጋ በአፈር መም ላይ

በአዮዋ፣ በኢሊኖይ፣ በዊስኮንሲንና በመሰሉት የአሜሪካ የእርሻ አገሮች፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ዓርብና ቅዳሜ ማታ የአፈሩ መም በውሃ ርሶ፣ በሮለር ተደልድሎ፣ መብራቱም በርቶ ሲታይ፣ ወደ ሜዳው ከሚገቡት ተሽቀዳዳሚዎች አብዛኞቹ ቀን በጋራዥ፣ በእርሻና በብየዳ ሥራ የዋሉ፣ ማታ ደግሞ ከገዛ ደመወዛቸው ቆጥበው የሠሩትን መኪና የሚነዱ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ለሙያው አዲስ የሆነ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከየትኛው ማኅበር ብገባ ይረክስልኛል?» ብሎ ነው፤ መልሱንም የሚፈልገው እያንዳንዱ ማኅበር ካወጣው የአባልነት መዋጮ ዝርዝር ላይ ነው። ጥያቄው የተገባ ነው፤ መልሱ የሚፈለግበት ቦታ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል፤ ማኅበሩ ከአባሉ በዓመት የሚቀበለው ገንዘብ ኢምንት ሲሆን፣ የማኅበሩ የሕግ መጽሐፍ አባሉን የሚያስወጣው ወይም ከማውጣት የሚያድነው ንዋይ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣልና።

የውድድር ሕግ አውጪ ማኅበር የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ሜዳ ሳይኖረውና መኪና ሳይነዳ፣ ሕግ በማውጣትና ሕጉን በማስጠበቅ ብቻ የሚኖር ድርጅት ነው። የሜዳው ባለቤት ለዚህ ማኅበር የፈቃድ ክፍያ ይከፍላል፤ በለውጡም የሕግ መጽሐፉን፣ የነጥብ አቆጣጠሩን፣ የዓመቱን መጨረሻ ሽልማት፣ አንዳንድ ጊዜም የመድን ዋስትናውን ያገኛል። ተሽቀዳዳሚው ደግሞ ለአባልነት፣ በየምሽቱ ወደ ጥገናው ሰፈር ለመግቢያ፣ ዙሩን ለሚቆጥረው መሣሪያ ኪራይ፣ የዳኛውን ትእዛዝ በጆሮው ለሚያሰማው ትንሽ ሬዲዮ እየከፈለ ይገባል። ይህ ሁሉ ተደምሮ በውድድሩ ወራት መጨረሻ ከጎማና ከሞተር ወጪ ጋር ሲተያይ፣ ከጠቅላላው ወጪ ጥቂቱ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

የእነዚህ ማኅበራት ሥልጣን በምን ላይ እንደ ቆመ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 1949 በሻርሎት ከተማ ሦስት አራተኛ ማይል በሆነ የአፈር መም ላይ የተደረገውን ውድድር ያስታውስ፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ናስካር የተባለው የውድድር ማኅበር ከተቋቋመ ገና አንድ ዓመት ያህል ሆኖት ሳለ ባዘጋጀው በዚህ የመጀመሪያ የተራ መኪኖች ውድድር፣ ከ33ቱ መኪኖች ቀድሞ የገባው ግሌን ደናዌይ ነበር፤ ነገር ግን ከውድድሩ በኋላ መኪናው ሲመረመር የኋላው ባሌስትራ፣ ሕገ ወጥ አረቄ የሚያመላልሱ ሰዎች እንደሚያደርጉት፣ ተለውጦ ስለ ተገኘ ድሉ ተሰርዞ 2,000 ዶላሩ ከካንሳስ ለመጣው ለጂም ሮፐር ተሰጠ። የመኪናው ባለቤት ሂዩበርት ዌስትሞርላንድም ናስካርን ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ክሱን ውድቅ አደረገው። ከዚያ ፍርድ ጀምሮ ማኅበሩ ያወጣው ድንጋጌ፣ ወድዶ በገባ ሰው ላይ እንደ ቀኖና የጸና ሆነ።

እንግዲህ ሕጉ ስለ ምን ይወጣል ብንል፣ ደኅንነት አንደኛው ምክንያት ቢሆንም፣ ለኢኮኖሚ ተመልካች ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው። ሃያ አራት መኪኖች በሚሰለፉበት ውድድር አንዱ ባለ መኪና አሥር ሺሕ ዶላር ጨምሮ የበለጠ ሞተር ቢያሠራ ለጊዜው ይቀድማል፤ በሚመጣው ወር ግን ሃያ ሦስቱም ያንኑ ያደርጋሉ፤ የአገባባቸውም ተራ እንደ ቀድሞው ሆኖ ሳለ የሁሉም ጥሪት ይመናመናል፤ ሽልማቱ ደግሞ አልጨመረም። በእኛም አገር በሰርግ ድግስ የታየው ይኸው ነው፤ ጎረቤቱ ሁለት በሬ ቢጥል እሱ ሦስት ካልጣለ የተዋረደ የሚመስለው ሰው፣ ዕዳውን ለልጁ ያወርሳል እንጂ ክብሩ ከጎረቤቱ ክብር አይበልጥም። ማንም ብቻውን ሊያቆመው የማይችለውን ይህን ፉክክር፣ ሁሉም በአንድነት ለመገደብ ተስማምተው ገደቡን ለሌላ ወገን አደራ ሲሰጡ፣ ያ ሌላ ወገን የውድድሩ ማኅበር ይሆናል፤ የሚሸጠውም ዕቃ ገደቡ ራሱ ነው።

ገደቡን ለማጽናት ከተፈለሰፉት ዘዴዎች ሁሉ እኔን ይልቁንም የሚያስደንቀኝ በአይኤምሲኤ የታወቀው ሞተርን በተወሰነ ዋጋ የመውሰድ ሕግ ነው። አይኤምሲኤ በ1915 የተመሠረተና ዛሬ መንበሩን በቪንተን፣ አዮዋ ያደረገ ጥንታዊ ማኅበር ሲሆን፣ በ1979 «ሞዲፋይድ» የሚባለውን፣ ለተራ ሠራተኛ አቅም ይመጥናል የተባለውን የመኪና ዓይነት ሲጀምር፣ ኃይለኛና ውድ ሞተር በቀጥታ መከልከልን አልመረጠም። ይልቁንም፣ ከፊት የገባውን ሰው ሞተር ከኋላው የገባ ተሽቀዳዳሚ ጥቂት መቶ ዶላር ቆጥሮ፣ የራሱንም ሞተር በለውጥ ሰጥቶ እንዲወስደው ፈቀደ። መኪኖቹ ከመሙ ወጥተው ገና ሞተራቸው ሳይበርድ በተመደበላቸው ቦታ ይቆሙ ነበር፤ ሞተሩን የሚፈልገው ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ገንዘቡን ይዞ ወደ ዳኛው ይመጣ ነበር፤ ባለ ሞተሩ «አልሰጥም» ያለ እንደ ሆነ የዚያን ማታ ሽልማቱንና ነጥቡን ያጣ፣ ቅጣትም ይከተለው ነበር። እንዲህ ባለው ሕግ ሥር ሃያ ሺሕ ዶላር በሞተር ላይ የሚያፈስ ሰው፣ ሀብቱን ለተፎካካሪው በጥቂት መቶ ዶላር ለመሸጥ አስቀድሞ ፈርሟል ማለት ነው። መርማሪ ሞተሩን መፍታት፣ ቴስታታውን መለካት ላያስፈልገው ነው፤ ሥራውን የተፎካካሪው ቅናት ይሠራለታል።

ይህ ዓይነቱ ጥበብ ጥንታዊ አምሳያ አለው። በአቴና ከተማ የጦር መርከብ እንዲያስታጥቅ የታዘዘ ባለጸጋ «እገሌ ከእኔ ይበልጥ ሀብታም ነው» ቢል፣ ያ ሰው ወይ ግዴታውን እንዲቀበል ወይም ሀብቱን ሁሉ ከከሳሹ ሀብት ጋር እንዲለዋወጥ የሚያስገድድ ሥርዓት ነበር። በሁለቱም ዘንድ ሰው የንብረቱን ዋጋ እንዳይደብቅ የሚያደርገው የሹም ዓይን ሳይሆን ንብረቱን የማጣት ስጋት ነው። የሞተሩ ሕግ ጉድለትም አይታበልም፤ በመንደር ሜዳ ሁሉም የሚተዋወቅ ስለ ሆነ፣ የጎረቤቱን ሞተር የሚወስድ ሰው ሕጋዊ መብቱን ተጠቅሞ ሳለ ወዳጁን ያጣል፤ አንዳንዱም ለቂም ብቻ ይወስዳል።

ሁለተኛው መንገድ ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣው ሞተር ነው። ጄኔራል ሞተርስ «602» እና «604» በሚሉ ቁጥሮች የሚሸጣቸው፣ ፊተኛው 350፣ ኋለኛው 400 ያህል የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሞተሮች፣ ማንም እንዳይከፍታቸው ብሎናቸው ታሽጎ ይመጣል፤ ከሁለቱ የሚያንሰው ከአሥር ሺሕ ዶላር በታች ሲገኝ፣ ሕግ ለማይገድበው፣ «ሌት ሞዴል» ለሚባለው የመኪና ዓይነት የሚሠራ ሞተር ግን አርባና አምሳ ሺሕ ዶላር ሲያስወጣ አይገርምም። ቁጠባው እውነተኛ ነው፤ ሆኖም የታሸገ ሞተር አንድ ቀን መታደሱ ስለማይቀር፣ ለመክፈትና መልሶ ለማሸግ የሚፈቀድላቸው ማኅበሩ የመሰከረላቸው ጋራዦች ብቻ ይሆናሉ፤ ድሮ በገዛ እጁ ሞተሩን የሚያድስ መካኒክ አሁን ለባለ ማኅተሙ ይከፍላል። አስመስሎ የተሠራ ማሸጊያ ብሎን በገበያ መታየቱም፣ ማኅተም ባለበት ሁሉ ማኅተም ቀራጭ እንደማይጠፋ ያስረዳል።

የጎማው ነገር ከሁሉ ይረቃል። ሞተር በወራት አንዴ ይገዛል፤ ጎማ ግን በየሳምንቱ ያልቃል። ስለዚህ ብዙዎቹ ማኅበራት አንድ ዓይነት ጎማ ብቻ እንዲገባ ይደነግጋሉ፤ አይኤምሲኤ ለሞዲፋይድ የሚፈቅደው ሁዚየር የተባለው ፋብሪካ የማኅበሩን ስም አትሞ የሚያወጣውን ነው። ጎማውን በኬሚካል ነክሮ የሚያለሰልስ አታላይም ስላለ፣ ዳኞች የጎማውን ሽታ በመሣሪያ ይመረምራሉ፣ ከላስቲኩም ቁራጭ ቆርጠው ወደ ላቦራቶሪ ይልካሉ። ይህ የአንድ ጎማ ሕግ ተፎካካሪው ፋብሪካ የሚገኝበትን ገበያ ይዘጋልና፣ በፔንሲልቬንያ «አሜሪካን ሬሰር» የሚባለውን ጎማ የሚሠራው ስፔሻልቲ ታየርስ ኩባንያ፣ በክፍሉ በሬስ ታየርስ አሜሪካ ስም፣ ሁዚየርንና ደርት ሞተር ስፖርትስ የተባለውን ሕግ አውጪ ድርጅት ነጻ ንግድን አግዳችኋል ብሎ ከሰሳቸው። የሦስተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2010 በከሳሹ ላይ ፈረደ፤ የፍርዱም ፍሬ ነገር፣ የስፖርት ማኅበር በቅን ኅሊና ለእኩልነትና ለደኅንነት ሲል የመሣሪያ ዓይነት ቢወስን መብቱ ነው፤ ፋብሪካዎችም ብቸኛ አቅራቢ ለመሆን በሚደረገው ጨረታ ላይ ከመወዳደር አልተከለከሉም የሚል ነበር።

ፍርዱ በሕግ ረገድ የተጠና ይመስለኛል፤ በኢኮኖሚ ረገድ ግን አንድ ነገር ይቀረዋል። ፉክክሩ ከመሙ ወደ ድርድሩ ክፍል ሲዛወር፣ በክፍሉ ውስጥ የሚቀመጡት ፋብሪካውና ማኅበሩ ናቸው፤ ጎማውን በየሳምንቱ የሚገዛው ሰው በዚያ የለም። ፋብሪካው ለማኅበሩ የሽልማት ገንዘብ በሚሰጠው ድጋፍ ቢያሸንፍ፣ ያ ድጋፍ በመጨረሻ ከጎማው ዋጋ ውስጥ ተመልሶ እንደሚወጣ ሂሳብ የሚያውቅ ሁሉ ይገምታል። ሙግት ራሱ ስለሚያስወጣው ገንዘብም፣ ያው ፍርድ ቤት በ2012 የሰጠው ሌላ ውሳኔ አለ፤ ተከሳሾቹ ረትተው የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ለማቅረብ ያወጡትን ከ365,000 ዶላር የሚበልጥ ወጪ ከሳሹ እንዲከፍል ተወስኖላቸው ሳለ፣ የይግባኙ ዳኞች ከዚያ ውስጥ 30,000 ዶላር ያህሉን ብቻ አጸደቁላቸው።

በላይኛው እርከን ያለው ነገር የተለየ ሥርዓት ያለው ስለ ሆነ ባጭሩ አልፈዋለሁ። ቴድ ጆንሰን በ1978 «ወርልድ ኦቭ አውትሎውስ» የተባለውን ማኅበር ሲመሠርት፣ ስሙን የሰጡት የማንም ማኅበር ቀኖና ሳያስራቸው ሽልማት ወደ በዛበት ሜዳ ሁሉ የሚዞሩት ነጂዎች ነበሩ፤ እነዚያው ዓመፀኞች ብዙ ሳይቆይ ባለ ነጥብ፣ ባለ ድንጋጌ ማኅበርተኞች ሆኑ። በዚያ ወጪ የሚገደበው በሞተር ዋጋ አይደለም፤ 410 ኪዩቢክ ኢንች ያለው ሞተር የፈለገውን ያህል ቢያስወጣ ማኅበሩ ግድ የለውም፤ የሚገድበው የነጂውን ታማኝነት ነው፤ ሙሉ አባል የሆነ ሰው ከማኅበሩ ውጭ በትልልቅ ውድድር የሚሳተፍበትን ጊዜ ይወስንበታል። ካይል ላርሰንና ብራድ ስዊት በ2023 መጨረሻ የቶኒ ስቱዋርትን ማኅበር ገዝተው በ2024 «ሃይ ሊሚት» የተባለውን ተፎካካሪ ማኅበር በአገር አቀፍ ደረጃ ሲያቆሙ፣ ሽልማቱ በሁለቱም ወገን ከፍ ብሏል፤ ለነጂዎቹ ከየትኛውም የሕግ አንቀጽ ይልቅ የጠቀማቸው ሁለት ጌታ መኖሩ ነው።

ለዓርብ ማታው ሰው ግን ሁለት ጌታ መኖሩ ጥቅም አይሆነውም። ዓርብ የሚሽቀዳደምበት ሜዳ በአንዱ ማኅበር ሥር፣ ቅዳሜ የሚሄድበት በሌላው ሥር ከሆነ፣ ሁለት መዋጮ መክፈሉ ሳይሆን፣ ሁለት ዓይነት ጎማ በሁለት ዓይነት ቸርኬ ላይ አሰክቶ መያዙ፣ ለአንዱ የሚፈቀደው ሞተር በሌላው ዘንድ ክብደት የሚያስጨምር ወይም ጭራሹን የሚከለከል መሆኑ ነው ኪሱን የሚያራቁተው። ስለዚህ ዊሶታ የተባለው፣ የሜዳ ባለቤቶች ራሳቸው ተሰብስበው የሚመሩት የሰሜኑ አገር ማኅበር፣ በአንድ አካባቢ ያሉ ብዙ ሜዳዎችን በአንድ የሕግ መጽሐፍ ማስተባበሩ፣ ከመዋጮ ቅናሽ የበለጠ ገንዘብ ለአባሉ ይቆጥብለታል፤ ምንም እንኳ ሕጉን የሚያወጡት የሽልማቱን ልክ የሚወስኑት እነዚያው ባለ ሜዳዎች ቢሆኑም። አዲሱ ተሽቀዳዳሚ እንግዲህ የመዋጮውን ዝርዝር ከመመልከቱ በፊት ካርታ ዘርግቶ፣ ከቤቱ በሁለት ሰዓት መንገድ ውስጥ ያሉት ሜዳዎች የትኛውን የሕግ መጽሐፍ እንደሚከተሉ ቢቆጥርና፣ ከዚያም የጎማውን አንቀጽ አስቀድሞ፣ የሞተሩን አስከትሎ፣ መዋጮውን በመጨረሻ ቢያነብ ይሻለዋል።